ዛሬ ምን በስሏል? ከኮምቦልቻ እስከ ደንቆሮ ጫካ፣ የጉዞ ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ኮምቦልቻና የጎፍ

ወሎ ውስጥ ድኩላና ሚዳቋ እያደኑ ያደጉ ሽማግሌዎች ጠመንጃቸውን ከሰቀሉ ቆይተዋል። የሚያውቁት ነገር ግን አብሮ መሰቀል የለበትም። የትኛው ዛፍ በየትኛው ወር ፍሬውን ያራግፋል? ድኩላ መቼ ወደ ወንዝ ይወርዳል? ሰስ በጋውን ሙሉ ገደል ላይ ሆኖ በምን ይከርማል? ይህን የሚመልሱ ሰዎች በየቀበሌው ጥቂት ናቸው፤ እነሱም አርጅተዋል። የዚህ ሳምንት መንገዴ እነሱን ፍለጋ ነው፤ መድረሻዬም ደቡብ ወሎ፣ የደንቆሮ ጫካ።

አብሮኝ የአክስቴ ልጅ አለ። ኑሮው ቨርጂኒያ ነው። እዚያ ፈቃድ እያወጣ ነጭ ጭራ የሚሉትን የአሜሪካ አጋዘን ያድናል። ያ እንስሳ ወንዱ በየዓመቱ ቀንዱን ጥሎ አዲስ የሚያበቅል፣ ከእኛዎቹ ድኩላና ሚዳቋ በዘር የራቀ ነው። ሆኖም ሁሉም ያመሰኳሉ፣ ሁሉም ቅጠልና ፍሬ መርጠው ይበላሉ፤ ስለዚህ የአዳኙ ጥያቄ እዚያም እዚህም አንድ ነው። ዛሬ ምን በስሏል?

የሀረጎን ዳገት ከመውጣታችን በፊት የጎፍ ደን ጫፍ ላይ ወርደን ትንሽ ተጓዝን። ጥዱና ወይራው ገና ጠዋት የያዘውን ቅዝቃዜ አለቀቀም። የወይራው ፍሬ አረንጓዴ ነው፣ ለመጥቆር ጊዜ ይቀረዋል። የአክስቴ ልጅ አንዱን ዘለላ አገላብጦ እያየ ስለ ኦክ ዛፍ ያጫውተኝ ጀመር። ነጭ ኦክ የሚባለው ፍሬውን በአንድ ዓመት ያደርሳል፤ መራራነቱ ትንሽ ስለሆነ በመስከረምና በጥቅምት ሲረግፍ አጋዘኖቹ ሌላውን ሁሉ ትተው እሱ ሥር ይሰበሰባሉ። ቀይ ኦክ ደግሞ ፍሬውን ለማድረስ ሁለት ዓመት ይፈጅበታል፣ አፍ የሚያጣብቅ መራራ ነገርም ይበዛበታል። እሱን የሚነኩት ጣፋጩ ሲያልቅ፣ ብርዱ ሲበረታ ነው። ያገሩ አዳኝ እነዚህን ሁለት ዛፎች ለይቶ ካላወቀ ቀኑን ሙሉ ባዶ ጫካ ሲጠብቅ ይውላል።

እንጨት የተሸከሙ ሴቶች አገኙንና ድኩላ ይኖር እንደሆነ ጠየቅናቸው። አንዷ ሸክሟን ሳታወርድ፣ «አለ እንጂ፤ ማታ ማታ እንደ ውሻ ይጮሃል፣ አላያችሁትም እንጂ እሱ አይቷችኋል» አለችን። ድኩላ ሲደነግጥ የሚያሰማው ድምፅ እውነትም የውሻ ጩኸት ነው።

እሑድ፣ በጉጉፍቱ በኩል

ከደሴ በማለዳ ወጣን። ጉጉፍቱ ላይ ብርዱ በመስኮት ገብቶ ሁላችንንም ዝም አሰኘን። ገብሱ ታጭዶ ክምር ሆኗል፣ በጎቹ ቃርሚያው ላይ ተበትነዋል፣ እረኞቹ ባና ተከናንበው ቆመዋል።

እነዚያን በጎች እያየሁ ነው የድኩላን ነገር በደንብ የተረዳሁት። በግና ላም ደረቅ ሣርና ገለባ ይዘው ሊከርሙ ይችላሉ፤ ሆዳቸው ሰፊ ነው፣ ጠንካራውን መኖ ለረጅም ጊዜ ይዞ ያብላላዋል። ድኩላና ሚዳቋ እንዲህ ያለ ሆድ የላቸውም። ከሰውነታቸው አንጻር ሆዳቸው ጠበብ ያለ፣ አፋቸውም ቀጭን ነው። የተፈጠሩት ለስላሳውን ለመምረጥ ነው፤ ለጋ ቅጠል፣ እምቡጥ፣ አበባ፣ የረገፈ ፍሬ። ገለባ ቢሞላላቸውም ይራባሉ። ስለዚህ ለነሱ ወቅት ማለት ቦታ ማለት ነው፤ ለስላሳው ነገር በተንቀሳቀሰ ቁጥር እነሱም ይንቀሳቀሳሉ። አዳኙም ሆነ ጠባቂው መጀመሪያ ማወቅ ያለበት የእንስሳውን ጠባይ ሳይሆን የዛፉን ቀን ነው።

የወሎ ደጋ ደግሞ የራሱ ጉዳይ አለው። በልግ አለው። በልግ የሌለው አገር በየካቲትና በመጋቢት አቧራ ሲሆን እዚህ ዝናብ ከቀናው ምድሩ ይለመልማል፣ ገብስ ይዘራል፣ ቁጥቋጦው አዲስ ቅጠል ያወጣል። በልግ የቀረበት ዓመት ገበሬውም ድኩላውም አብረው ነው የሚጎዱት። አቀስታ ላይ ሻይ ስንጠጣ አንድ ጎልማሳ፣ «በልግ ካልመጣ አውሬው ጓሮ ድረስ ይመጣል፤ ምን ያድርግ» አለን።

መካነ ሰላም የገባነው ለዓይን ሲይዝ ነው። ሌላ የምጽፈው የለኝም፤ ደክሞናል።

ሰኞ፣ ወደ ደንቆሮ

ጫካው ዛሬ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ አካል ነው። መግቢያችንን ከፍለን ስካውት፣ ማለትም የፓርኩ ጠባቂ፣ ተመደበልን። የደስታ አጋጣሚ ሆኖ የስካውቱ አባት እኔ የምፈልጋቸው ዓይነት ሰው ናቸው፤ በወጣትነታቸው የታወቁ አዳኝ። አገሩ ሁሉ ሀጂ ይላቸዋል፣ እኛም ሀጂ አልናቸው። ምርኩዛቸውን ይዘው እስከ ጫካው አብረውን ወረዱ። ዳገቱን ከእኔ በተሻለ ነው የያዙት።

አንድ ነገር በግልጽ ላስቀምጥ። በዚህ ጫካ አደን የለም። ፓርክ ውስጥ ጨርሶ ክልክል ነው። ከፓርክ ውጭም ቢሆን በአገሪቱ ሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን ወንጀል ነው። የምኒልክ ድኩላ የሚባለው የደጋው ድኩላ በፈቃድና በክፍያ የሚታደንባቸው የተከለሉ ቦታዎች እንደ አርሲና ባሌ ባሉ አካባቢዎች አሉ፤ እዚያም ቁጥሩ ተወስኖ፣ ወንዱ ብቻ ተለይቶ ነው። ሀጂ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኛ ፈቃድ አናውቅም ነበር። ግን ሥርዓት ነበረን» አሉ።

ደንቆሮን ላላየው ሰው ለመንገር ከላይ መጀመር ይሻላል። አናቱ ላይ ጓሳ ሣርና ጅብራ የበቀለበት ሜዳ አለ። ዝቅ ሲባል አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ይመጣል። ከዚያ ኮሶና አምጃ፣ ከዚያ ጥቅጥቅ ያለው ደን፣ ወይራውና ጥዱ፤ ወደ ወንዙ ሲወርዱ ደግሞ ሾላና ዶቅማ። አንድ ሰው በአንድ ቀን እግር ከውርጭ እስከ ሙቀት ይወርዳል። ለእንስሳቱ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ላይ ያለቀው ታች ይደርሳል፣ ታች ያለቀው ላይ ይጀምራል።

ከሰዓት በኋላ ሀጂ ስለ ነፋስ አስተማሩን። ፀሐይ ሸለቆውን ሳትመታ ብርዱ አየር ቁልቁል ይወርዳል፤ ድንጋዩ ሲሞቅ ደግሞ ነፋሱ ሽቅብ ይመለሳል። ስለዚህ በማለዳ ከበታች ሆነህ ነው የምትጠብቀው፣ ረፋዱ ላይ ከበላይ። የአክስቴ ልጅ ደስታውን መደበቅ አልቻለም፤ አፓላቺያን ተራሮች ላይ እሱም የሚጠብቀው በዚሁ ሕግ ነው። «ሀጂ፣ ይሄን ማን አስተማርዎት?» ቢላቸው፣ «ያመለጠኝ ድኩላ» አሉት።

ማክሰኞ፣ ሾላው ሥር

ዛሬ ያየሁትን ሳልረሳው በዝርዝር ልጻፈው።

ገና ሳይነጋ ወረድን። ሀጂ የመረጡት ሾላ ከወንዙ ትንሽ ከፍ ብሎ የቆመ፣ ፍሬውን ከግንዱ ላይ በዘለላ በዘለላ ያንጠለጠለ ዛፍ ነው። በመንገዳችን ሌሎች ሾላዎችም ነበሩ፣ አንዱ ፍሬው ገና ጥሬ፣ አንዱ ምንም የሌለው። «ይሄኛው የዛሬ ነው። ያ ማዶ ያለው ለጥር ነው። ከድንጋዩ ሥር ያለው ባለፈው ክረምት ጨርሷል» አሉን ሀጂ። እያንዳንዱን ዛፍ እንደ ሰው ለይተው ያውቁታል።

የሾላ ነገር እንዲህ ነው። ፍሬው ውስጥ ተፈልፍላ የምታድግ፣ አበባውንም የምታዳቅል ጥቃቅን ተርብ አለች። ከሾላው ሌላ ቤት የላትም፣ ዕድሜዋም አጭር ነው። ሾላዎች ሁሉ በአንድ ወር አፍርተው በአንድ ወር ቢጨርሱ ተርቧ መግቢያ አጥታ ታልቃለች፣ ሾላውም ዘር አያገኝም። ስለዚህ ዛፎቹ ተራ በተራ ያፈራሉ። ጫካው ውስጥ ሁሌ የሆነ ቦታ የበሰለ ሾላ አይጠፋም። አጋም፣ ቀጋ፣ ዶቅማ ወር አላቸው፤ ሾላ ግን በየዛፉ ነው የሚቆጠረው። ሌላው ሁሉ ሲደርቅ ድኩላን የሚያቆየው ይህ ነው። ሽማግሌው በልጅነታቸው ዛፍ በዛፍ ያጠኑት ለዚህ ነው።

ከሾላው በታች፣ በወንዙ በኩል፣ ተቀመጥን። ጎህ ሲቀድ ጦጣዎች መጡ። ጦጣ አባካኝ ነው፤ አንዱን ይነክሳል፣ ይጥላል፣ ሌላ ይቀጥፋል። ፍሬው መሬት ላይ ጠብ ጠብ ሲል ሀጂ ጉልበቴን ነካ አደረጉኝ። ከቁጥቋጦው መሃል አንዲት ቀይ እንስት ድኩላ ወጣች። ጆሮዋ አያርፍም። ሦስት እርምጃ ትሄዳለች፣ ትቆማለች። ከዛፉ ሥር ደርሳ የጣሉላትን ትለቅም ጀመር። ድኩላም ሚዳቋም ጦጣ የበላበትን ዛፍ እየተከተሉ የወደቀውን ይለቅማሉ። ጦጣዎቹ ደግሞ ከላይ ሆነው ነብር ካዩ ይጮሃሉ። እሷ የምታዳምጠው እነሱን ነው።

ትንሽ ቆይቶ ወንዱ መጣ። የምኒልክ ድኩላ ወንዱ ሲሸመግል ወደ ጥቁር ያደላል፤ ይሄኛው ከጥላው ሲወጣ ነው ቀንዱ የታየን፣ አንዴ ብቻ ዞሮ ወደ ላይ የቀና ቀንድ። የአክስቴ ልጅ ትንፋሹን ይዞ ነበር። ነፋሱ ሲዞር ወንዱ አንዴ ጮኸ፤ ሁለቱም ጠፉ።

ከዚያ ሀጂ ተነሥተው መሬቱን አሳዩን። አንድ ቅርንጫፍ ጎንበስ አድርገው ሁለት ጫፎች አስያዙኝ። አንዱ ጫፍ በሰያፍ ጥርት ብሎ ተቆርጧል። ሌላው ተቦጭቆ ልጡ ተንጠልጥሏል። «ጥርት ያለው የጥንቸል ነው። የተቦጨቀው የድኩላ ነው፤ የላይ ፊት ጥርስ የለውም፣ ይዞ ይጎትታል እንጂ አይቆርጥም።» የአክስቴ ልጅ ወዲያው ቀበል አድርጎ፣ ቨርጂኒያም አዳኝ ልጁን መጀመሪያ የሚያስተምረው ይህንኑ መሆኑን ነገራቸው። አጋዘኑም የላይ ፊት ጥርስ የለውም። ሁለቱ ሰዎች ያን ቅርንጫፍ መሃል አድርገው ሲያወጉ ብዙ ቆዩ፤ እኔ መጻፍ እንኳ አቃተኝ።

ሀጂ ድኩላው የጣለውን ፍግ በእንጨት ሰባበሩት። ውስጡ ከአሸዋ የደቀቀ ቢጫ የሾላ ዘር ሞልቷል። «እንስሳውን ካላየህ ይሄን እይ። ትናንት የት እንደዋለ ይነግርሃል፤ የዋለበትን ካወቅህ ነገ የት እንደሚያነጋ ታውቃለህ።» ልጃቸው ስካውቱ ይህን በስልኩ ፎቶ አነሳ። ለቆጠራ ሲወጡ የሚሄዱት በተሰመረ መንገድ ነው፤ ከአሁን በኋላ ያፈሩትን ሾላዎችም መዝግቦ እዚያ መጠበቅ እንዳለበት ለራሱ ተናገረ። እኔም ያመጣኝ ይኸው ነው። አባትየው ለመግደል ያጠናው ልጅየው ለመጠበቅ ይሆነዋል።

ማታ እሳት ዳር ስንቀመጥ የአክስቴ ልጅ ዋናውን ጥያቄ አነሣ። «ሀጂ፣ ለመሆኑ ወሩ የትኛው ነበር?»

የእሱ አገር መልስ ቀላል ነው። እዚያ ቀኑ እያጠረ ሲሄድ የአጋዘኖቹ አካል ያውቀዋል፤ ተባዕትና እንስት የሚገናኙት በኅዳር አካባቢ ነው፣ ግልገሎቹ የሚወለዱት በግንቦትና በሰኔ ነው። ስለዚህ በበልግና በመኸራቸው መሃል ያለው ጊዜ ሁሉ ይዘጋል፣ አደኑ የሚከፈተው ግልገል ጡት ከጣለ በኋላ፣ የኦክ ፍሬ በሚረግፍበት ሰሞን ነው። ወሩ ራሱ እናቲቱን ይጠብቃታል።

እዚህ ግን ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይለያይም። ድኩላ በማንኛውም ወር ልትወልድ ትችላለች። ዛሬ ጠዋት ያየናት እንስት ቁጥቋጦ ውስጥ ግልገል ደብቃ ሊሆን ይችላል፤ ድኩላ ግልገሏን ደብቃ እየሄደች ነው የምታጠባው። ስለዚህ ፍሬ የት እንዳለች ይነግርሃል እንጂ መግደል ይገባ እንደሆነ አይነግርህም። ሀጂ ይህን ያሉት በራሳቸው አባባል ነው። «አባቴ ወር አልሰጠኝም፤ ቀለም ነው የሰጠኝ። ጥቁሩን እንጂ ቀዩን እንዳትነካ አለኝ። ቀዩ እንስት ነው፣ ወይ ገና ልጅ ነው።» ከተማ ውስጥ ሆኜ ስለ ጥበቃ ብዙ አንብቤያለሁ፤ ይህን ያህል በአጭሩ የተቀመጠ ነገር አልገጠመኝም።

ረቡዕ፣ አስታና ጓሳ

ወደ ላይ ወጣን። ሀጂ ታች ቀሩ። አስታው ውስጥ ጭጋግ ነበር፤ ጓሳው ላይ ስንደርስ ፀሐይ ወጣ። ጭላዳዎቹ ሣር ሲነጩ አየን፤ ለእነሱ ኅዳር ገና ደህና ነው፣ በበጋው መጨረሻ ነው ሣሩ ደርቆ ሥሩን መቆፈር የሚጀምሩት።

ሰስ ያገኘነው ገደሉ ጫፍ ላይ ነው፤ ጥንድ ሆነው፣ በሰኮናቸው ጫፍ ቆመው። ሰስ ወንድና ሴቱ አይለያዩም፣ አንዱ ሲበላ ሌላው ይጠብቃል። ከሄዱ በኋላ ስካውቱ አንድ ደረቅ ጭራሮ አሳየን፤ ጫፉ ላይ ጥቁር፣ ሬንጅ የመሰለ ጠብታ አለ። ከዓይኑ ሥር ካለው እጢ የሚቀባው የድንበር ምልክት ነው። የሚበሉት እዚያው ገደሉ ላይ ካለ ቁጥቋጦ ነው፤ ቅጠል፣ እምቡጥ፣ ቀጋ ሲቀላ ቀጋውን። ውሃ ባያገኙም ከቅጠሉ የሚያገኙት እርጥበት ይበቃቸዋል። ድንበራቸው ጠባብ ስለሆነ ድኩላ እንደሚያደርገው ፍሬ ተከትለው አይሰደዱም። ለዚህም ነው አንድ ሰው ጠመንጃ ይዞ አንድ ገደል ላይ ቢመላለስ ሰስ የሚያልቀው። ሀጂም ትናንት ማታ፣ «ሰስ አደን አይባልም፣ ቤቱ ድረስ ሄዶ መግደል ነው» ብለውናል።

ብርዱ አላስቆም አለን። ቶሎ ወረድን።

ሐሙስ፣ የባቄላው ማሳ

ዛሬ የሌላውን ወገን ሰማሁ። ከጫካው ጠርዝ ያለች እናት ማሳዋን አሳየችን። ባቄላዋ ሊታጨድ የደረሰ ነው፤ በጫካው በኩል ያሉት መደዳዎች ግን ቁመታቸው ከሌላው ግማሽ አይሞላም። በነሐሴ ለጋ ሳለ ጫፍ ጫፉ ተበልቷል። ማማ ሠርታ ልጆቿ በየተራ ሌሊቱን ሲጠብቁ ከርመዋል። «እናንተ ድኩላ ልታዩ መጣችሁ። እኔ እሱን ሳይ ዓይኔ ደም ይለብሳል። ባቄላዬን ማን ይክፈለኝ?» አለችን። መልስ አልነበረንም። ጥያቄዋ ትክክል ነው፤ ጫካው ለአገር ሁሉ ከሆነ ዋጋውን ጫካው ጥግ ያለች ሴት ብቻዋን መክፈል የለባትም።

ከስካውቱ ጋር የመጣ ወጣት አንድ ሐሳብ አቀረበ። በችግሩ ሰሞን ጫካው ውስጥ ገብስ ቢበተንላቸው ማሳ አይመጡም ይሆናል። የአክስቴ ልጅ አጥብቆ ተከራከረው። የሚያመሰኳ እንስሳ ሆድ ውስጥ ምግቡን የሚያብላሉ ጥቃቅን ተሕዋስያን አሉ፤ ቅጠልና እንጨት የለመዱት ድንገት እህል ሲሞላላቸው ሆዱ ይኮመጥጣል፣ እንስሳው ይሞታል። አሜሪካ በክረምት አዝነው በቆሎ ያበሏቸው አጋዘኖች ሆዳቸው በእህል ሞልቶ ሞተው የተገኙበት ጊዜ አለ። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ በእህል አባብሎ ማደንም ክልክል ነው። ይልቅ በማሳውና በጫካው መሃል የማይበላ ነገር መትከል፣ ባቄላውን ራቅ አድርጎ ገብሱን ወደ ጫካው ጠርዝ ማምጣት ይሻላል አለ። ሴትየዋ አዳመጠችው። «ገብሱንስ አይበላም?» አለችው። ለጋውን ይበላል፤ እንደ ባቄላ ግን አይወደውም። ይህን የመለሱት ሀጂ ናቸው።

ከዚያ ሀጂ ቤት ገባን። ዱዓው ተደረሰ፣ ቡናው ተቆላ፣ ጭሱ ቤቱን ሞላው። ባለቤታቸው በአቦሉ ላይ ቆሎ እያዘገኑን፣ እኔ ደብተሬን ከፍቼ የሀጂን ዓመት ከመስከረም ጀምሬ ጻፍኩ።

መስከረም ላይ እንስሳ ፍለጋ መድከም ነው፤ ማጌቱ፣ ለጋ አረሙ፣ የሣሩ እምቡጥ በየቦታው ስላለ ድኩላውም ሚዳቋውም ተበትኗል። ታች ዋንዛው ነጭ አበባውን ሲያራግፍ ግን ማለዳ ዋንዛ ሥር አይታጡም፤ የወደቀ አበባ ይወዳሉ። አጋም ሲጠቁር ሚዳቋ ከቁጥቋጦው አይርቅም። ኅዳርና ታኅሣሥ ሣሩ ይደርቃል፣ ላይ ውርጭ ይወድቃል፣ ያኔ ነው ድኩላ ወደ ሾላው የሚወርደው። ቀጋ ሲቀላ ጠርዝ ጠርዙን ይዘው ይመላለሳሉ። ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው የነቢያት ጾም ከገባ እስከ ገና ጠመንጃ አያነሱም ነበር፤ «እኛም ብቻችንን አንወጣም፣ አብረን ነበር የምናድነው፤ ስለዚህ አውሬው አብሮን ይጾማል» አሉ ሀጂ። ጥርና የካቲት ሾላ በየዛፉ። የዋንዛ ፍሬ ሲበስል፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፣ የሚያጣብቀውን ፍሬ ፍለጋ ቆላው ድረስ ይወርዳሉ። በልግ ከዘነበ ግን ሁሉም ነገር ይገለበጣል፤ አዲስ ቅጠል ላይ ስለሚወጣ አውሬውም ይወጣል፣ ታች የሚጠብቅ ሰው ማንንም አያገኝም።

ግንቦት ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። የአዳኝ ወር ይህ ነበር። በልጉ አልቋል፣ ክረምቱ አልገባም፣ ውሃ ያለው ወንዙ ውስጥ ብቻ ነው፣ ዶቅማውም እዚያው ወንዝ ዳር ይበስላል። ውሃና ምግብ አንድ ቦታ ሲገናኙ እንስሳው ሁሉ እዚያ ነው። ለዚህም ነው ብዙ ድኩላ ያለቀው በግንቦትና በሰኔ፣ ዶቅማ ሥር።

ይህን ስሰማ ለስካውቱ ዞሬ አሁን ጥበቃው የሚጠነክርበት ወር የትኛው እንደሆነ ጠየቅሁት። «በበጋው መሃል ነው፣ እንጨት ቆራጭና እሳት ሲበዛ» አለኝ። ለእሳቱ ትክክል ነው። ለወጥመዱና ለጠመንጃው ግን የአባቱ ዶቅማ ሌላ ወር እየነገረው ነው። ስካውቱ አሰበና፣ ባለፈው ሰኔ ወንዝ ዳር ሽቦ ወጥመድ ነቅሎ እንደነበር አስታወሰ። የት? «ከዶቅማው ሥር» አለ።

ዓርብ

ሀጂ ለጁምዓ ሲዘጋጁ ተሰናበትናቸው። ከዚያ በፊት የደብተሬን ገጾች ስካውቱ በሌላ ደብተር ገለበጣቸው፤ ያፈሩት ሾላዎች የቆሙበትን ቦታ ደግሞ በስልኩ መዝግቦ ጨምሮበታል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ስንደርስ ሀጂ፣ «ወንዙ ሲሞላ ማን ይገባል፤ እኔ አላደንኩም፣ እሱን ልጄን ጠይቁት» ብለው ነበር። ልጅየው ነው የሞላው። በክረምት ዝናቡ ሲያባራ ድኩላ ከሚንጠባጠበው ደን ወጥቶ ክፍቱ ቦታ ላይ ፀሐይ ይሞቃል፣ ቀን ለቀን ይታያል፤ ከጫካው ጫፍ ሳይወጡ መቁጠር ይቻላል። የባቄላው ማሳ ያለው ደግሞ እዚያው ጫፍ ላይ ነው። ስለዚህ በሐምሌ ቆጠራውንና የማሳ ጥበቃውን አንድ ላይ ለማድረግ፣ ከሴትየዋ ልጆች ጋር ማማው ላይ በተራ ለማደር ተስማሙ። የአክስቴ ልጅ መነጽሩን ለስካውቱ ትቶለት መኪና ውስጥ ገባ።